የሚያገሳው ቱቦ ስንት ፈረስ ይጨምራል?

የመኪና ማስዋቢያ ሻጮች «ኢንቴክ» የሚሉት ዕቃ ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ወፍራም የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ ሁለት ሦስት ማሰሪያ፤ በቃ። ፋብሪካው የገጠመው ጥቁር ሳጥን ይወጣና እሱ ይገባል። ካርቶኑ ላይ አሥርም አሥራ አምስትም የፈረስ ጉልበት እንደሚጨምር ተጽፏል። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ተለውጧል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ያገሳል። ገዢው ገንዘቡ የት እንደገባ በጆሮው ሰማ። ጉልበቱስ?

መጀመሪያ ሞተሩ ምን ያህል አየር እንደሚስብ እናስላ። የአዲስ አበባን መንገድ ከሞሉት መኪኖች አንዱን፣ 1.3 ሊትሩን ቪትዝ እንውሰድ። ባለ አራት ምት ሞተር ሲሊንደሮቹን ሁሉ አንድ ጊዜ በአየር ለመሙላት ሁለት ዙር ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንድ ዙር የሚስበው የ1.3 ሊትር ግማሽ፣ 0.65 ሊትር ነው። በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር 3,900 ሊትር፣ በሴኮንድ 65 ሊትር ይሆናል። ከዚህ እምብዛም አያልፍም። ቱቦው የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ፒስተኖቹ የሚወስዱት የራሳቸውን ልክ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ስለሚያስፈልግ፣ ተጨማሪ ጉልበት የሚገኘው ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር በክብደት ሲጨምር ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው የፋብሪካው ሳጥን ሞተሩን ምን ያህል ያንቀዋል የሚል ይሆናል። ይህን ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ በዩ ቅርጽ ታጥፎ ግማሹ ድረስ ውሃ ይሞላል። አንዱ ጫፍ በፊልትሮውና በትሮትሉ (ነዳጅ ሲረገጥ በሚከፈተው የአየር በር) መካከል ባለው ቱቦ ላይ በትንሽ ቀዳዳ ይሰካል፤ ሌላው ክፍት ይተዋል። ሹፌሩ ዳገት ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሩን ከፍ ወዳለ ዙር ሲያደርስ፣ ጎን የተቀመጠው ሰው የሁለቱን ወገን ውሃ ልዩነት ያነባል። አሥር ሴንቲሜትር ልዩነት አንድ ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት አንድ መቶኛ። ንጹሕ ፊልትሮ ያለው ሳጥን አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ቢያሳይ፣ ሳጥኑን አውጥተው ቢጥሉት እንኳ የሚገኘው ትርፍ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት በመቶ ነው። አዲሱ ቱቦና ፊልትሮም የራሳቸው እገዳ ስላላቸው ያም ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ከመቶ ፈረስ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ማለት ነው።

ይህችም ትርፍ የምትገኘው ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሰልፍ የሚሄድ ሰው ትሮትሉን ከሩብ በላይ የሚከፍትበት ጊዜ ጥቂት ነው። ትሮትሉ ራሱ አየሩን ሆን ብሎ እያነቀ ባለበት ሰዓት ከፊቱ ያለው ፊልትሮ ቢሰፋ ባይሰፋ ለውጥ የለውም። ሹፌሩ እግሩን ትንሽ ያነሳል ወይም ትንሽ ይጨምራል እንጂ የሚፈልገውን ጉልበት ያገኛል።

ለደጋ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች የአየር ግፊቷ ከጅቡቲው ከሦስት አራተኛ ብዙም አይበልጥም። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የጅቡቲ ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው ልዩነቱ ትንሽ ይጠባል፤ ቢሆንም አምስተኛው ያህል መቅረቱ አይቀርም። በፋብሪካ ወረቀት ላይ ከ90 ትንሽ ያነሰ ፈረስ የተጻፈለት ቪትዝ እንጦጦን ሲወጣ ያለው ከ70 በታች ነው። ከፍታው ሃያ ወስዶ ቱቦው አንድ ቢመልስ፣ ያችን አንድ በመቀመጫ የሚለይ ሹፌር ካለ ጎበዝ ነው። ከፍታው የወሰደውን የሚመልስ ዕቃ ቢኖር አየሩን ገፍቶ የሚያስገባው ቱርቦ ነው።

«መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ያስገባዋል» የሚሉም አሉ። ሐሳቡ ስሕተት የለበትም፤ መጠኑ ነው ትንሽ። በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ፊት ለፊቱ የሚያገኘው የነፋስ ግፊት ከከባቢው ግፊት ግማሽ መቶኛ አይሞላም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሙቀት ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ኢንቴኮች ሾጣጣውን ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር፣ ራዲያተሩ አጠገብ እርቃኑን ይተዉታል። የፋብሪካው ሳጥን በጠባብ አፍንጫው ከፍርግርጉ ጀርባ ቀዝቃዛ አየር ሲስብ፣ አዲሱ የሚስበው ሞተሩ ያሞቀውን ነው። 25 ዲግሪ የነበረ አየር 55 ሲደርስ ክብደቱ በዘጠኝ በመቶ ይቀንሳል። ጉልበቱ የዚያን ያህል ባይወርድም፣ የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩ እንዳያንኳኳ ሲል የካንዴላውን እሳት ሰዓት ስለሚያዘገየው ተጨማሪ ኪሳራ ይመጣል። ቀዝቃዛ አየር ተብሎ የተሸጠ ቱቦ ሰልፍ ላይ ሲቆም ሙቅ አየር ሳቢ ነው።

ታዲያ ሻጩ የሚያሳየው የዳይኖ ወረቀት ከየት መጣ? ዳይኖ የመኪናው ጎማ ሮለር ላይ ሆኖ ሲዞር ጉልበቱን የሚለካ መሣሪያ ነው። ያው መኪና፣ ያው ቀን፣ ምንም ሳይነካ ሁለቴ ቢለካ አንድና ሁለት በመቶ ሊለያይ ይችላል። የፋብሪካው ሳጥን ሞተሩ ግሎ ሳለ ተለክቶ፣ አዲሱ ሲገጠም በቆየው ጊዜ ሞተሩ ቢበርድ ጥቂት ፈረስ በነፃ ይገኛል። ኮፈኑ ተከፍቶ ትልቅ ማራገቢያ ፊት ለፊት ከቆመ ደግሞ የሙቀቱ ጣጣ ጠፋ። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውም ሁለቱ መስመሮች ከሁሉ በላይ የተራራቁበት አንዲት ነጥብ ናት፤ ምናልባት 6,200 ዙር ላይ ያለችው። በ3,000 ዙር ምን እንደሆነ አይጻፍም፤ አንዳንዴ እዚያ ጉልበቱ ቀንሶ ይገኛል፤ የፋብሪካው ቱቦ ርዝመት ለዝቅተኛ ዙር ታስቦ የተመጠነ ነውና።

ድምፁን በተመለከተ ሻጩ አልዋሸም። ጥቁሩ ሳጥንና ጎኑ ላይ የተለጠፉት ባዶ ክፍሎች ከሥራቸው አንዱ የአየሩን ጩኸት መዋጥ ነው። እነሱ ሲወጡ ጩኸቱ ይወጣል፤ ጆሮ ደግሞ ጩኸትን ፍጥነት አድርጎ ይቆጥራል። መኪና ሠሪዎቹም ያውቁታል፤ ቶዮታ 86 በ2012 ሲወጣ የመተንፈሻውን ድምፅ ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚያደርስ ቱቦ ተገጥሞለት ነበር። ለድምፁ ብሎ የሚገዛን ሰው እኔ አልቃወምም፤ ደስታም ዋጋ አለው።

ስለ ፊልትሮው ጨርቅ ግን መጠንቀቅ ያሻል። በዘይት የራሰ ጥጥ ፊልትሮን በዓለም ያስታወቀው በ1969 በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ የተመሠረተው ኬ ኤንድ ኤን ነው። ታጥቦ ደጋግሞ መሥራቱ ጥሩ ነው። አቧራ በማስቆም ግን ጥሩ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ይበልጠዋል፤ በኮረኮንች መንገድ ለሚውል መኪና ደግሞ አቧራው የፒስተን ቀለበት የሚበላ አሸዋ ነው። ዘይቱ ከበዛ ወደ አየር መለኪያው ሴንሰር ይሄዳል። ያ ሴንሰር በጋለ ቀጭን ሽቦ የሚሠራ ስለሆነ ሲቆሽሽ የአየሩን መጠን ያዛባል፣ ቤንዚኑም አብሮ ይዛባል። ቱቦው ሴንሰሩ ባለበት ቦታ ከፋብሪካው ልክ ቢሰፋም ውጤቱ ያው ነው።

የተደፈነ ፊልትሮስ? በ2009 የአሜሪካ ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላብራቶሪ ባደረገው ሙከራ፣ ዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ላይ የተደፈነ ፊልትሮ መለወጥ የነዳጅ ፍጆታን አልቀነሰም። መኪናው ፍጥነት የሚያነሳበት ጊዜ ግን ከ6 እስከ 11 በመቶ ተሻሽሏል። ይህ ከብዙ ኢንቴክ ይበልጣል፤ ዋጋውም የአንድ ወረቀት ፊልትሮ ነው። ፊልትሮው ወጥቶ በአምፖል ፊት ሲያዝ በእጥፋቶቹ መካከል ብርሃን ካላሳለፈ ጊዜው አልፏል። ጋራዥ ውስጥ በኮምፕሬሰር ማራገፍ የተለመደ ነው። ግን መነፋት ያለበት ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ነው፤ አፈሙዙ በጣም ከተጠጋ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ቀዳዳውም በዓይን አይታይም።

ኢንቴክ በእርግጥ የሚያዋጣበት ቦታ አለ። ቱርቦ ያለው ሞተር ኮምፒውተሩ እንደገና ሲጻፍ ከፋብሪካው ልክ እጅግ የበለጠ አየር ስለሚስብ፣ ለድሮው ልክ የተሠራው ሳጥን ያን ጊዜ በእውነት ያንቀዋል። ትልልቅ ቪ8 ሞተሮችም ካምሻፍትና ጭስ ማውጫቸው ከተለወጠ እንደዚያው ናቸው። ሎስ አንጀለስ ያለ አንባቢ ግን ከመግዛቱ በፊት ዕቃው የካሊፎርኒያ አየር ሀብት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር እንዳለው ይይ፤ ከሌለው መኪናው የጭስ ምርመራ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሙቀቱን ለመሸሽ ፊልትሮውን ወደ ታች፣ ፓራውልቱ ጀርባ የሚያወርዱ ኢንቴኮችም አሉ። ቀዝቃዛ አየር ያገኛሉ፤ ክረምት ላይ መንገዱ በጎርፍ ሲሞላ ግን መጀመሪያ ውሃ የሚስቡት እነሱ ናቸው። የገጠር ላንድክሩዘሮች በግንባር በኩል እስከ ጣሪያ የሚወጣ ስኖርክል የሚገጠምላቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለፍጥነት አይደለም። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ ሲወጣ ቢየላው ይታጠፋል። መኪናው ጎርፍ ውስጥ ድንገት ከጠፋ ቁልፉን ደግሞ ማዞር አይገባም። ካንዴላዎቹ ተፈተው ውሃው መውጣቱ እስኪረጋገጥ ድረስ መኪናው ተገፍቶ ይውጣ።