የሕፃን አንጎል ስለሚሠራባቸው 28 ቀኖች

በአገራችን ልማድ ነፍሰ ጡርን መንከባከብ የሚጀመረው ሆዷ ገፍቶ ከታየ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከባድ ሥራ ይቀነስላታል፤ ያማራትም ይፈለግላታል። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፥ የአንጎልና የኅብለ ሠረሰር መሠረት የሆነው ቦይ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ተገጥሞ ያልቃል። በዚያ ጊዜ ብዙዎች ወይዛዝርት መፀነሳቸውን እንኳ አላወቁም።

ይህን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገና በፈረንጆች ቁጥር በ2018 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ፥ ከ10,000 ወሊድ መካከል 131ዱ ይህ ቦይ ያልተገጠመላቸው መሆናቸውን አስታውቋል። በዱቄታቸው ላይ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቪታሚን በሚጨምሩ አገሮች ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ10 አይበልጥም። እርግጥ ነው፤ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ሆስፒታል ስለምትመጣ የአገሩን ሁሉ ልክ ላያሳይ ይችላል፤ ቢሆንም ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ነው። ከነዚህ ሕፃናት የራስ ቅላቸው ሳይሠራ የተወለዱት አይተርፉም። ጀርባቸው ክፍት የሆነው ግን በቀዶ ጥገና ይረዳሉ፤ በመቀሌም ይህን የመሰለው ሕመምተኛ የሚላከው ወደ ዓይደር ሆስፒታል ነው። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ሆስፒታሉ መድኃኒት እስከማጣት መድረሱን ስናስታውስ፥ አስቀድሞ መከላከል ምን ያህል እንደሚሻል ይገባናል።

ቦዩን የሚሠሩት ሊቃውንት የነርቭ ግንደ ሕዋሳት የሚሏቸው ናቸው፤ ይኸውም ገና ሥራቸው ያልተለየ፥ እየተከፈሉ የሚበዙና አብዛኞቹን የአንጎል ሕዋሳት የሚወልዱ እናቶች ማለት ነው። ሕዋስ ሲከፈል በውስጡ ያለውን የዘር ጽሕፈት ሁሉ መገልበጥ አለበት፤ ፎሊክ አሲድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በ1991 በእንግሊዞች መሪነት በብዙ አገር የተደረገው ፈተና ቪታሚኑን አስቀድመው የወሰዱ እናቶች፥ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው የነበሩ ሳሉ፥ ከ10 ጊዜ 7ቱን ያህል ከዳግመኛው ጉዳት መዳናቸውን አረጋገጠ።

ሕዋሳቱ ግን ያለ ትእዛዝ አይበዙም። ትእዛዙን የሚያደርሱት የእድገት ቀስቃሾች የሚባሉ ረቂቅ ፕሮቲኖች ናቸው። የመጀመሪያውን ያገኙት ኢጣልያዊቷ ሐኪም ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ናቸው። የፋሺስት መንግሥት በዘር ሕጉ ከሥራ ሲያስወጣቸው፥ በቶሪኖ ከተማ በመኝታ ክፍላቸው ውስጥ የዶሮ እንቁላል ፅንስ ይመረምሩ ነበር። ያ መንግሥት በእኛ ላይ ያደረገውን ለምናውቅ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንብንም። ኋላም ሁለተኛውን ቀስቃሽ ካገኙት ከአሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን ጋራ በ1986 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በ1992 በካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ የኮኸንን ቀስቃሽ ከጐለመሰ አይጥ አንጎል በወጡ ሕዋሳት ላይ ቢያደርጉት፥ እንደ ገና ሲከፈሉ አዩ። ከዚያ በፊት የጐለመሰ አንጎል አዲስ ሕዋስ አይወልድም የሚለው አሳብ ጸንቶ የኖረ ነበር።

ከትእዛዙ ሌላ ሕንፃው ዕቃ ይሻል፤ የአንጎልም ዋና ዕቃ ስብ ነው። ውሃው ቢወጣለት ከአንጎል ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ስብ ነው። በ2013 በስዊስ አገር እንደ ተገለጠው፥ ግንደ ሕዋሳቱ ለመከፈል ስብን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ይህ ሥራ ቢከለከልባቸው መብዛታቸው ይቆማል። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወሮችና በጡት ዘመን ደግሞ ሕፃኑ በዓሣ ውስጥ የሚገኘውን የስብ ዓይነት ከእናቱ ይወስዳል። ዓሣ ከመቀሌ ማዕድ የራቀ ነው። ተልባችን የዚህን ስብ ዘመድ ይዟል፤ ሰውነት ግን ከእርሱ ወደ ሌላው የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ስለ አዮዲንም ሳንናገር አናልፍም፤ መቀሌ የጨው ከተማ ናትና። ከአፋር በረሓ ተቈርጦ በግመል የሚመጣው አሞሌ ጥንት ገንዘብ ሆኖ አገሩን ሁሉ ዞሯል፤ አዮዲን ግን በጣም ያንሰዋል። የአንገት ዕጢ ከአዮዲን የሚሠራው ንጥረ ነገር የአንጎል ሕዋሳት ጐልምሰው በየስፍራቸው እንዲቀመጡ ያዛል፤ ፅንሱም የራሱ ዕጢ እስኪበረታ ድረስ የሚኖረው በእናቱ ዕጢ ነው። እናቲቱ እንቅርት ብቻ የያዛት ሲመስላት የሚጐዳው የልጇ አእምሮ ነው። ስለዚህ በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ በሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመር አዘዘ።

በ2022 ደግሞ በፋብሪካ የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር ተወሰነ። ነገር ግን የባላገሩ ጤፍና ገብስ የሚፈጨው በሰፈሩ ወፍጮ ነው፤ ደንቡም እዚያ አይደርስም። ጨው ግን ከማንም ወጥ አይጠፋምና፥ ፎሊክ አሲዱን ከአዮዲኑ ጋራ በጨው እንጨምረው የሚል አሳብ ከሊቃውንት ቀርቧል። እስከዚያው መድኃኒቱ በቀን 400 ማይክሮግራም የሚወሰደው ክኒን ነው፤ እርሱንም ሴቲቱ ከመፀነሷ አንድ ወር አስቀድማ መጀመር ይገባታል። ልጁን ለመዳር ቀሚሱንና ካባውን የሚያሰናዳ አባት ይህችን ክኒን ቢጨምርበት ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለነፍሰ ጡሮች በጤና ጣቢያ የሚታደለው ክኒን ብዙዎቹን የሚያገኛቸው ቦዩ ከተገጠመ፥ ወይም ሳይገጠም ከቀረ በኋላ ነው።