ቅጠሉ ይመዘናል፣ የሚሸጠው ግን ፐርሰንቱ ነው
የመድኃኒት ተክሎች ገበያና የሆርሞን ሒሳብ

በመድኃኒት ተክል ንግድ ሚዛን ላይ የሚወጣው ደረቅ ቅጠል ነው። ፋብሪካው የሚፈልገው ግን በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ብቻ ነው። በመሆኑም ከአንድ ማሳ የተለቀመ ኩንታል ከሌላው ማሳ ኩንታል በእጥፍ የበለጠ መድኃኒት ሊወጣው ይችላል። ለልዩነቱ ዘሩ፣ አየሩና የአጨዳው ጊዜ ምክንያት ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ሁሉ በስተጀርባ ትእዛዝ የሚያስተላልፉት የተክሉ ሆርሞኖች ናቸው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የወባ መድኃኒት የሚቀመምበት አርቴሚዥያ ነው። ተክሉ ከአገራችን አሪቲና ጭቁኝ ጋር አንድ ወገን ቢሆንም፣ አርቴሚሲኒን የተባለው ንጥረ ነገር ለፋብሪካ በሚበቃ መጠን የሚገኘው ከዚህኛው ነው። ንጥረ ነገሩን ቻይናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 አጣርተው ያወጡት ሲሆን፣ ቱ ዩዩ በዚሁ ሥራቸው በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን በስፋት እንዲሠራበት ከመከረ በኋላ ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ አገሮች ወደዚሁ በመዞራቸው፣ የአንድ ኪሎ አርቴሚሲኒን ዋጋ በ2005 አካባቢ ከ1,000 ዶላር በላይ ወጣ። ዋጋውን አይተው በእስያና በምሥራቅ አፍሪካ ብዙዎች ዘሩ። በ2007 ዋጋው ወደ 200 ዶላር ገደማ ወረደ። በእንዲህ ዓይነቱ ገበያ ወጪውን ችሎ የሚቆየው ከአንድ ሄክታር ብዙ ንጥረ ነገር የሚያገኘው ነው።

ሆርሞኑ ምን ይሠራል?

አርቴሚሲኒን የሚጠራቀመው በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ ጥቃቅን እጢዎች ውስጥ ነው። ተባይ ቅጠሉን ሲበላው በተክሉ ውስጥ ጃስሞኔት የተባለ ሆርሞን ይጨምራል። ተክሉም ‹‹ጠላት መጣብኝ›› ብሎ የመከላከያ ኬሚካሎቹን ማምረት ያፋጥናል። ሆርሞኑ ከውጭ ሲረጭም ተክሉ ተባይ ሳይነካው እንደተነካ ይቆጥረዋል፤ በቤተ ሙከራ የአርቴሚሲኒን መጠን ከፍ ያለውም በዚሁ መንገድ ነው። ጂበረሊን የተባለው ሌላው ሆርሞን ግንዱን ያስረዝማል፣ አበባውንም ያፋጥናል። አርቴሚሲኒን አብዛኛውን ጊዜ ከፍ የሚለው በአበባ ዋዜማ ስለሆነ፣ የአጨዳውን ቀን አለማወቅ ትርፍን ያሳጣል።

የሒሳቡ ነገር

ችግሩ ተክሉ ለመከላከያ ያወጣውን ጉልበት ከዕድገቱ መቀነሱ ነው። ለምሳሌ አንድ ሄክታር 2,000 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ቢሰጥና በውስጡ 0.5 በመቶ አርቴሚሲኒን ቢኖር፣ ባለማሳው 10 ኪሎ ንጥረ ነገር አለው። ሆርሞን ተረጭቶ መጠኑ ወደ 0.6 በመቶ ቢያድግና ቅጠሉ ወደ 1,600 ኪሎ ቢቀንስ የሚገኘው 9.6 ኪሎ ነው። ፐርሰንቱ ጨመረ፣ ምርቱ ግን ቀነሰ። የሆርሞኑና የርጭቱ ወጪ ገና አልታሰበም።

ሆርሞን ትርፍ አያመጣም ማለት ግን አይደለም። ከየው ዛፍ ቅርፊት የሚገኘው ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒት በአሜሪካ በ1992 ሲፈቀድ፣ ለአንድ በሽተኛ የሚበቃውን ለማግኘት በርካታ ዛፎች ይጠፉ ነበር። በ1996 የጃፓን ተመራማሪዎች በፈሳሽ ውስጥ በሚራቡ የየው ሴሎች ላይ ሜቲል ጃስሞኔት ሲጨምሩ ምርቱ በብዙ እጥፍ እንዳደገ አሳተሙ። ዛሬ መድኃኒቱ ዛፍ ሳይቆረጥ በትላልቅ ጋኖችም ይመረታል። ዘዴው የሠራው ሴሎቹ በቅድሚያ ረብተው ሆርሞኑ በኋላ፣ በልክ ስለሚሰጣቸው ነው። በማሳ ላይ ግን ዝናብ ያጥበዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ሁሉም ተክል እኩል አይደርሰውም።

ስለዚህ ‹‹ምርት በእጥፍ የሚያሳድግ›› ርጭት ይዞ ለሚመጣ ሻጭ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከሄክታር ስንት ኪሎ ንጥረ ነገር፣ በስንት ወጪ? የቅጠሉም ገዢ ናሙናውን በላቦራቶሪ ሳያስመረምር፣ ዋጋውም በፐርሰንት እንዲታሰብ በውል ሳያስጽፍ መክፈል የለበትም። ያለዚያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆናል።