ከጥቅምት እስከ የካቲት

ድልድይ በሌለበት ወንዝ ላይ አዲስ መሥራትና ያለውን አንሥቶ ሌላ መተካት አንድ ሥራ አይደሉም። መሻገሪያ ኖሮት የማያውቅ ቀበሌ ግንባታው ቢጓተት ያማርራል እንጂ ኑሮው እንደነበረው ይቀጥላል። የለመደውን ድልድይ የዘጉበት ከተማ ግን በሳምንቱ ገበያው ይጎድላል። ስለዚህ የመተኪያ ድልድይ ሰነድ እጄ ሲገባ ቀድሜ የማየው የምሰሶውን ሥዕል ሳይሆን የተለዋጭ መንገዱን ገጽ ነው። ገጹ ካለ ማለቴ ነው።

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ይህን ችግር በቦታና በገንዘብ ያልፉታል። ባሕር ዳር ላይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። የተሠራው ከ60 ዓመት በላይ ካገለገለው ከአሮጌው ጎን ስለሆነ፣ ግንባታው ዓመታት ሲፈጅ ከተማዋ በአሮጌው ትመላለስ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲኬድ ዓባይን የሚያሻግረው፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ድልድይም እንዲሁ ከቀድሞው አጠገብ ነው የቆመው። ጠቅላላ ርዝመቱ 303 ሜትር ሲሆን የመካከለኛው ስፓን (በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት) ብቻ 145 ሜትር ነው። ስፓን በረዘመ ቁጥር ወንዝ ውስጥ የሚቆመው ምሰሶ ይቀንሳል፤ ምሰሶ ሲቀንስ ደግሞ ክረምት የሚያስቆመው ሥራ ያንሳል።

ባሕር ዳር ሌላም ዕድል አላት። ጣና ሰፊ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ ይጎድላል፤ መውጫው ላይም የጫራ ጫራ መቆጣጠሪያ አለ። እኛ ጋ ያለው ውሃ ጠባዩ ሌላ ነው። ሆሳዕና ከፍታ ላይ፣ በሁለት ተፋሰሶች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በአንድ በኩል የወረደው ዝናብ በብላቴ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ፣ በሌላው በኩል የወረደው ወደ ኦሞ ይሄዳል። ጅረቶቹ አጭርና ቁልቁለታም ናቸው። ሳይቱ ላይ ፀሐይ እያለ አምበሪቾ ተራራ ራስ ላይ ከዘነበ ሠራተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። የጎርፍ ከፍታን በስሌት አወጣለሁ፤ ግን የወንዙ ዳር ሽማግሌ «ልጄ፣ ውሃው እዚያ ዋርካ ሥር ደርሶ አይተናል» ካሉኝ ስሌቱን እንደገና እከፍታለሁ።

ዋናው ጣጣ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። በሐድያና በከምባታ የሚዘንበው በክረምት ብቻ አይደለም፤ በልግ አለ። መጋቢት ላይ ወንዙ መሙላት ይጀምራል፣ ከዚያ እስከ መስከረም ማብቂያ እንደ ልብ ቆፍሮ መሠረት ማውጣት አይቻልም። ለመሠረት የሚሆነው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ብቻ ነው። የመንግሥት በጀት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀቱ እስኪደለደል፣ ጨረታው እስኪወጣ፣ ግምገማው እስኪያልቅ፣ ውል ተፈርሞ ቅድሚያ ክፍያ እስኪለቀቅ ጥር ይገባል። ኮንትራክተሩ ኤክስካቫተር ይዞ ሲደርስ ደመናው አብሮት ይደርሳል። ያኔ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ለቀጣዩ ጥቅምት መጠበቅ፣ ወይ አሮጌውን አፍርሶ «ተጀመረ» ማለት። ሁለተኛው ለፎቶ ይመቻል።

አሮጌው ከፈረሰ በኋላ ሕዝቡ የሚሻገረው ቱቦ ተቀብሮበት አፈር በተሞላ ጊዜያዊ መንገድ ነው። በውሉ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ይህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሥዕል የለውም፣ የቱቦው ስፋት አይጻፍም፣ በጠቅላላ ዋጋ ይታለፋል። ጨረታ ማሸነፍ የፈለገ ተጫራች ዋጋ የሚቀንሰው እዚያ መስመር ላይ ነው። የበልግ የመጀመሪያው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል፣ ባጃጁ ወዲያ ማዶ ይቀራል፣ የዶዮገና ጎመንና ድንች የጫነ አይሱዙ ዙሪያውን ይሄዳል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ጊዜያዊው መንገድ እንደ ዋናው ድልድይ ዲዛይን ይኑረው፣ ለበልጉ ጎርፍ ይሰላ፣ ሲጠረግም ማን እንደሚጠግነው ውሉ ይናገር። ወንዙ ከባድ ከሆነ የብረት ተገጣጣሚ ድልድይ ይቅረብ። ውድ ነው ይባላል፤ ሁለት ጊዜ የተጠረገ አፈርም ርካሽ አይደለም።

ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ድልድይ ሳያረጅ መተካትም ታይቷል። የሶዶ–ጪዳ መንገድ ኦሞን የሚሻገርበት የቀድሞው ድልድይ በግልገል ጊቤ 3 ሐይቅ ሥር ስለሚውል መንገዱ አቅጣጫ ተቀይሮ ወንዙን በሌላ ቦታ እንዲሻገር ሆነ። እዚያ የጊዜ ገደቡን የሚያስቀምጠው የግድቡ ውሃ እንጂ የበጀት ዓመት አይደለም፤ ከውሃ ጋር ደግሞ የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤ መጻጻፍ አይቻልም።

ስለ ስፋትም አንድ ነገር ልበል። የባሕር ዳሩ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ ቦታ ተሰጥቷል። በእኛ ከተሞች ወጪ ይቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚቆረጠው የእግረኛው መተላለፊያ ነው፤ በሺንሺቾም ሆነ በዱራሜ የገበያ ቀን ድልድይ የሚሞላው ግን እግረኛ ነው፣ ጭነት ያላት አህያ ናት።

ወደ ቀን መቁጠሪያው ልመለስ። ጨረታውን ከሐምሌ በፊት እናውጣ ስል የፋይናንስ ባለሙያዎቹ «ያልጸደቀ በጀት ላይ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ሆኖም የአፈር ምርመራውን፣ የዲዛይን ክለሳውንና የካሳ ግምቱን በያዝነው ዓመት በጀት መጨረስ ማንም አይከለክልም። በተለይ ካሳውን። ተለዋጭ መንገድ የሚያልፈው ሁልጊዜ በአንድ ሰው ጓሮ ነው፤ ጓሮው ደግሞ እንሰት ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅ ባለቤቱ ያጣው የአንድ ወቅት ምርት ብቻ አይደለም፤ ግምቱ ያከራክራል፣ ክርክሩ በገማች ኮሚቴው አልፎ ወደ ቅሬታ ሰሚ ይሄዳል። ይህ ክርክር ሰኔ ላይ ከተጀመረ ጥቅምት ላይ ማሽኑ ቁፋሮ ይጀምራል። ጥቅምት ላይ ከተጀመረ ግን በልግ ይደርስበታል።