«ወገቤን» ለምትለው የሆቴል ሠራተኛ

ከጉባኤ በኋላ ለጸሎት ከሚቀርቡልን ርዕሶች መካከል የወገብ ሕመም የማይጠቀስበት ሳምንት ጥቂት ነው። ርዕሱን ከሚያቀርቡት እህቶች ብዙዎቹ በሆቴል ክፍል የሚያጸዱ፣ አልጋ የሚያነጥፉ፣ በላውንደሪ ልብስ የሚያጥቡ ናቸው። እንጸልያለን፤ ተገቢም ነው። ከጸሎቱ ጎን ግን አንድ ነገር መጠየቅ ልማድ አድርጌያለሁ፦ «እህቴ፣ በቀን ስንት ክፍል ትሠሪያለሽ? ፍራሹንስ የምታነሺው እንዴት ነው?» ብዙ ጊዜ የሕመሙ ምንጭ እዚያው መልሱ ውስጥ ይገኛል።

እስቲ እናስላው። አንድ ፍራሽ አራት ማዕዘን አለው። አንሶላውን ከሥሩ ለመጠቅጠቅ እያንዳንዱ ማዕዘን ይነሣል። ሁለት አልጋ ባለው ክፍል ስምንት ጊዜ ማለት ነው፤ እንዲህ ያሉ አሥር ክፍሎች የያዘች እህት በአንድ ቀን 80 ጊዜ ጎንበስ ብላ ፍራሽ ታነሣለች። ይህ እንግዲህ ባኞውን በጉልበቷ ተንበርክካ ሳትፈትግ፣ እርጥብ ፎጣ የሞላውን ጋሪ በምንጣፍ ላይ ሳትገፋ ነው። እንዲህ የሠራ ወገብ ቢታመም የሚያስደንቅ አይደለም። የሰነፍ ሰበብም አይደለም፤ አንዳንድ አለቆች እንደዚያ ስለሚናገሩ ነው ይህን የምለው።

በአሜሪካ ይህ ጉዳይ በጥናት ተመርምሯል። የአምስት ኩባንያዎች ንብረት በሆኑ 50 ሆቴሎች እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 የደረሱ ጉዳቶች ተቆጥረው ውጤቱ በ2010 ታትሟል። ከሆቴል ሠራተኞች ሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ክፍል የሚያጸዱት ሆነው ተገኙ፤ ከ100 ሠራተኞች በዓመት ወደ ስምንት የሚጠጋ ጉዳት። የሠራተኛው ሁሉ አማካይ አምስት ያህል ነበር። በዚያ አገር ሆቴሎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እህቶች ብዙ በመሆናቸው ነገሩ ለቤተሰቦቻችንም ሩቅ አይደለም። በካሊፎርኒያ ግዛት የሠራተኞች ማኅበር በ2012 ጥያቄ አቅርቦ፣ ከሐምሌ 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ደንብ ወጣ። እያንዳንዱ ሆቴል የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳትን የሚከላከልበት የተጻፈ ዕቅድ እንዲኖረው፣ አደጋ ያለባቸውን ሥራዎችም ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ሆኖ እንዲመረምር ያስገድዳል። የወደድኩት ይህን ነው፤ ሥራውን የምትሠራዋ ሴት ትጠየቃለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ደንብ እስኪወጣ ሳይጠበቅ ዛሬ ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ። ትልቅ አልጋ ለሁለት ቢነጠፍ ድካሙ ይቀንሳል። ማዕዘኑ ላይ ላስቲክ ያለው አንሶላ ፍራሽ ማንሣትን ይቀንሳል። እጀታው ረጅም የሆነ መፈተጊያ ከመንበርከክ ያድናል፤ ዋጋውም ከአንድ ቀን የሐኪም ቤት ወጪ አይበልጥም። ፍራሹን ስታነሺ ከወገብ አትታጠፊ፤ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ወደ አልጋው ተጠግተሽ አንሺ። ነጠላ ጫማ አድርገሽ እርጥብ ሴራሚክ ላይ አትቁሚ።

ስለ በረኪና ግን ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። መጸዳጃው በደንብ እንዲነጣ በማለት በረኪናን አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር የሚቀላቅሉ ብዙ ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ መስኮት በሌለው ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። አሞንያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም መቀላቀል የለበትም። በረኪናን ለብቻው፣ በውኃ አቅጥናችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ተጠቀሙ። በውኃ ጠርሙስ መልሶ ማስቀመጥም መቅረት አለበት፤ የተጠማ ባልደረባ ሊጠጣው ይችላል።

ቆሻሻ የሞላበትን ፌስታል በእጅ መጠቅጠቅ ሌላው ክፉ ልማድ ነው። የተሰበረ ብርጭቆ፣ ምላጭ፣ አንዳንዴም እንግዳው የተጠቀመበት መርፌ ይኖራል። ጓንት ይረዳል እንጂ መርፌን አያቆምም። ፌስታሉን ከላይ ይዛችሁ፣ ከሰውነታችሁ አርቃችሁ አውጡ። መርፌ ከወጋችሁ ቦታውን በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። አፍራችሁ ዝም አትበሉ።

በማእድ ቤት ለሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች አንድ ቃል፦ የተቃጠለን አካል ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ አቆዩት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አትቀቡበት። ሰፊ ቃጠሎ ወይም ፊት ላይ የደረሰ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምርና የመከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ጓንት ስጦታ አይደለም። በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያም ለስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ያገኛል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ሥራው ለእርሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ ልትዛወር ይገባል፤ የሌሊት ሥራና የትርፍ ሰዓት ሥራም አይሰጣትም። በአንጻሩ ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። የተሰጠውን መመሪያ አውቆ ጥሶ የተጎዳ ሰው መብቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ ጓንቱን ኪስ ውስጥ ይዞ መዋል አይጠቅምም። ጉዳት ሲደርስም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያየውን ሰው ስም በዚያው ዕለት ጽፋችሁ ለአለቃችሁ አሳውቁ።

ከመካከላችን የሆቴል ባለቤቶችና ሱፐርቫይዘሮች አሉ። ኦሪት ዘዳግም 22፥8ን አንብቡልኝ። ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከጣሪያው እንዳይወድቅ አስቀድሞ ዙሪያውን እንዲከልል የታዘዘበት ክፍል ነው፤ ሰው ከወደቀ በኋላ ማዘን በቂ አልነበረም። የክፍሉን ቁጥር የምትመድቡት እናንተ ናችሁ። እንግዶች በብዛት የወጡበት ቀን ሥራው እጥፍ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ያን ቀን ቁጥሩን ቀንሱ።

ለባሎችም የምለው አለኝ። ብዙ ሚስቶች ሥራዬን አጣለሁ ብለው በመፍራት ሕመማቸውን ለአለቃ ቀርቶ ለባላቸውም አይናገሩም። ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ ወገቧን ይዛ እንደሆነ፣ እግሯ የሚደነዝዛት እንደሆነ ተመልከቱ። እግር መደንዘዝና መዛል ካለ በወጌሻ ሳይሆን በሐኪም መታየት አለበት። ሽንት መቆጣጠር ካቃታት በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዷት። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ቤቱ ሁለተኛ ሆቴል እንዳይሆንባት ነው የምለምናችሁ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ያን የሚሸከመው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ማታ እርሷ ሳትገባ በርሜሉን ሙሉት፤ የልብሱን ዘፍዘፍ ደግሞ ልጆቹ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያውጡላት።