ቀን ያልተቆረጠለት ምኞት

በስደት የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዓመት ሁለት ጊዜ ዘመን ይለወጥለታል። አንዱ በመስከረም፣ አደይ አበባው ባይኖርም ዶሮ ወጡ በሚሠራበት ቀን ነው። ሌላው በጃንዋሪ፣ የሚኖርበት አገር ሕዝብ ርችት በሚተኩስበት ሌሊት ነው። በሁለቱም ቀን የሚሰማው ቃል ግን አንድ ነው። «ዘንድሮስ ትምህርት ቤት እገባለሁ።» «ዘንድሮስ ከሁለቱ ሥራ አንዱን እተዋለሁ።» «ዘንድሮስ ሄጄ እናቴን አያለሁ።» ቃሉ ከልብ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ መስከረም አልፎ መስከረም ሲተካ፣ ያው ሰው እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ፣ እዚያው የሌሊት ሥራ ላይ፣ ያንኑ ቃል ሲደግም ይገኛል።

ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት እየሠራ አገር ቤት ያሉ ወንድምና እህቶቹን የሚያስተምርን ሰው ማንም ሰነፍ ሊለው አይችልም። ችግሩ ሌላ ነው። ሥራው የመግቢያ ሰዓት አለው፤ የቤት ኪራዩና የመኪናው ዕዳ ቀን አላቸው፤ ሳይከፈሉ ቢቀሩ ቅጣት ይከተላል። የራሱ ምኞት ግን ሰዓትም፣ ቀንም፣ ቅጣትም የለውም። ስለዚህ ቀን ያለው ነገር ሁሉ ቀን የሌለውን እየቀደመ ዓመታት ይነጉዳሉ።

«የተቻለህን አድርግ» ለምን አይበቃም?

ይህን ነገር የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው ፈትነውታል። ከታወቁት ፈተናዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው የጋሪ ሌተምና የባልደረባው ጥናት ነው። ጥናቱ የተካሄደው በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት፣ ከጫካ ግንድ በሚያመላልሱ የጭነት መኪና ነጂዎች ላይ ነበር። ነጂዎቹ መኪናዎቻቸውን የሚጭኑት ሕጉ ከሚፈቅደው ክብደት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። «የተቻላችሁን አድርጉ» ሲባሉ የተለወጠ ነገር አልነበረም። በኋላ ግን «94 በመቶ ጫኑ» ተብሎ ቁርጥ ያለ ግብ ተሰጣቸው። ደመወዝ አልተጨመረላቸውም፤ የተጨመረው ቁጥር ብቻ ነበር። ወራት ሲያልፉ ጭነቱ ከ90 በመቶ በላይ ሆነ።

«እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ» ማለት «የተቻለኝን አደርጋለሁ» እንደማለት ነው። «በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ክፍል እገባለሁ፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ አንድ ደረጃ ከፍ እላለሁ» ማለት ግን «94 በመቶ» እንደማለት ነው። ሰኔ ሲደርስ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ይሆናል እንጂ መሸሸጊያ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። ስለ ስኬት በሚሰጡ ትምህርቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገር ታሪክ አለ። በ1953 ከየል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት መካከል ግባቸውን በጽሑፍ ያስቀመጡት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የእነርሱ ሀብት ከቀሩት 97 በመቶ ሀብት በለጠ ይባላል። ፋስት ካምፓኒ የተባለው መጽሔት በ1996 ነገሩን ሲያጣራ እንዲህ ያለ ጥናት ፈጽሞ እንዳልተካሄደ ተረጋግጧል። ወረቀት ብቻውን ሀብታም አያደርግም። የሚጠቅመው በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቀንና መጠን፣ ከዚያም ቀን በቀን የሚከተለው ሥራ ነው።

እቁብ ያስተማረን

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለኛ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። በራሱ ስም በባንክ መቶ ዶላር ማጠራቀም ያቃተው ሰው፣ እቁብ ሲገባ በየወሩ አምስት መቶ ዶላር ሳያጓድል ሲጥል ይታያል። ሰውየው ያው ነው፤ ደመወዙም ያው ነው። ልዩነቱ እቁብ መጠን ያለው፣ ቀን ያለው፣ ዋስ የሚጠራበትና የሚያይ ዓይን ያለው መሆኑ ነው። ቀኑ ሲደርስ ሰብሳቢው ይደውላል፤ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ መቅረት ያሳፍራል።

ታዲያ ይህንኑ ሥርዓት ለትምህርትና ለሥራ ማዋል ይቻላል። ኮሌጅ ለመግባት ያሰበች ሴት ሐሳቧን ለምታምናቸው ሁለት ጓደኞቿ ብትነግርና በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ቡና ላይ «የት ደረስሽ?» እንዲሏት ብታደርግ፣ ለምኞቷ ዳኛና ጸሐፊ ሾመችለት ማለት ነው። ሐሜት ተፈርቶ የተደበቀ ዕቅድ ማንም ሳያውቀው ይሞታል። ሁለት ሰው ያወቀው ዕቅድ ግን ጠያቂ አለው።

ትልቁን መቆራረስ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለብዙ የውጭ አገር ጉዳይ ይሠራል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሰ ሰው የሚወስደው ጂ ኢ ዲ የተባለው ፈተና ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሩቅ ሲታይ ተራራ ይመስላል። ሲቀርቡት ግን አራት ፈተና ነው፤ ሒሳብ፣ የቋንቋ ችሎታ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት። አራቱን በአንድ ቀን መውሰድ ግዴታ አይደለም፤ አንድ በአንድ መውሰድ ይቻላል። የእያንዳንዱ ማለፊያ ነጥብ ከ200 ላይ 145 ነው። የማኅበራዊ ጥናቱ ፈተና የሚወስደው 70 ደቂቃ ብቻ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ፈተና የሚወስድና የሚያልፍ ታክሲ ነጂ በአንድ ዓመት ጨረሰ ማለት ነው።

ቀኑን ከቆረጡ በኋላ የሚቀረው ሰዓቱንና ቦታውን መወሰን ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች በገና በዓል ሰሞን አንድ ጽሑፍ ጽፈው እንዲልኩ ተጠይቀው ነበር። መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ አስቀድመው የወሰኑት፣ እንዲሁ «እጽፋለሁ» ካሉት ከእጥፍ በላይ ሆነው ሥራውን ጨርሰዋል። ስለዚህ «ሲመቸኝ አጠናለሁ» ከማለት ይልቅ «ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ፣ ቤት ሳልገባ፣ ላይብረሪ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ» ማለት ይሻላል። ድካም ሶፋው ላይ ይጠብቃልና ቤት ከገቡ በኋላ ተመልሶ መውጣት ከባድ ነው።

«ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ»

ከሁሉ የሚከብደው ግን ያልፈጸሙትም ያልሰረዙትም ግብ ነው። «ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ ትንሽ ይዤ እመለሳለሁ» ብሎ የመጣ ሰው በየከተማው አለ። ሁለቱ ዓመት አሥር፣ ከዚያም ሃያ ሆነ። እመለሳለሁ እያለ ትምህርት አልጀመረም፤ እመለሳለሁ እያለ ቤት አልገዛም፤ ትዳርም አልያዘም። ግን አልተመለሰም። እዚህም እዚያም ሳይኖር ዕድሜው በሻንጣ ላይ እንደተቀመጠ አለፈ።

መመለስ ክቡር ዓላማ ነው፤ መቅረትም ነውር የለበትም። ጉዳት ያለው ሳይወስኑ መኖር ነው። የሚመለስ ሰው የሚመለስበትን ዓመት፣ ይዞት የሚሄደውን ገንዘብና እዚያ የሚሠራውን ሥራ ይቁረጥ። የሚቀር ሰው ደግሞ ዛሬውኑ እንደሚቀር ሰው ይኑር።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ነው። ስልኩ ሲደወል ሕመም አለ፣ ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ። ይህን እንቢ ማለት ለኛ ሰው አይቻለውም፤ መቻልም የለበትም። ነገር ግን በወር የሚላከውን መጠን አስቀድሞ ወስኖ ለቤተሰብ በግልጽ መናገር ይቻላል። «ነርስነት ለመማር ሁለት ዓመት ያህል እቀንሳለሁ፤ ስጨርስ የተሻለ እረዳችኋለሁ» የሚል ልጅ ሲያስረዳቸው አብዛኞቹ ወላጆች ይመርቁታል። ሳይነገራቸው ሲቀነስባቸው ግን ይቀየማሉ።

በር ሲዘጋ

በጥሩ ሁኔታ የታቀደም ነገር ይሰናከላል። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፤ በ5 ሺህ ሜትር ግን ሳይሮጥ ቀረ። በ1976 በሞንትሪያል ተስፋ ሲጠበቅበት፣ ኢትዮጵያ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ቀረች። በእሱ እጅ ያልነበረ ነገር አራት ዓመት ወሰደበት። በእጁ የነበረው ልምምዱ ነበርና አላቋረጠም። በ1980 በሞስኮ በ10 ሺህም በ5 ሺህም ሜትር ወርቅ ሲወስድ ከሙኒክ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። በኋላም በካናዳ ኖሮ በ2016 ቶሮንቶ ውስጥ አርፏል።

የወረቀት ጉዳይ የዘገየበት፣ ሥራው የተዘጋበት፣ ልጅ የታመመበት ሰው ቀኑን ቢያራዝም አያፍርም። ማራዘም ማለት ግን አዲስ ቀን መቁረጥ ነው እንጂ ቀኑን ሰርዞ መተው አይደለም። ከሚቀጥለው ዘመን መለወጫ በፊት አንዲት ነገር ብቻ መርጦ፣ ከነቀኗና ከነመጠኗ ጽፎ፣ ለአንድ ጠያቂ ወዳጅ የሰጠ ሰው፣ በዓሉ ሲደርስ «ዘንድሮስ» ከማለት ይልቅ የሠራውን ይናገራል።