የአሮጌ አውቶሞቢል ጩኸት ከየት ይመጣል?

«በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም» ይባላል። አውቶሞቢል ግን በሽታውን አይደብቅም፤ ይጮኻል። ችግሩ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ ማወቁ ነው። ይህ ባለመታወቁ ብዙ ባለመኪና ደኅናውን ዕቃ አስፈትቶ ገንዘቡን ያወጣል፤ የታመመው ዕቃ ግን እንዳለ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ በእጃችን ያሉትን አሮጌዎች ጠብቆ ማቆየት ለየቤተ ሰቡ ጉዳይ ሆኗል።

አስቀድሞ ኀይል ከሞተር ተነሥቶ እስከ ጎማ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ላዳና እንደ ቀድሞው ዲኤክስ ኮሮላ ባሉት፥ የኋላ ጎማቸው በሚገፋቸው መኪናዎች፥ ኀይሉ ከሞተር ወደ ፍሪሲዮን፥ ከፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ፥ ከካምቢዮ በረጅሙ ዘንግ አድርጎ ወደ ዲፈረንሻል፥ ከዚያም ወደ ኋላ ጎማዎች ይደርሳል። ዘንጉን ጫፍና ጫፉ ላይ እንደ ጉልበት እያጠፈ የሚያያይዘው የመስቀል ቅርጽ ያለው ብረት ክሮቸራ ይባላል። ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ኩሽኔታ የሚሉት የመካኒኮቻችን ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ክሮቸራም በዚያው ቋንቋ መስቀል ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ የሚጮኸው የሚዞረው ነው። እንግዲህ እያንዳንዱን ክፍል በተራ ማቆም ወይም ማዞር ከቻልን፥ አንድ ብሎን ሳንፈታ ጥፋተኛውን ለመለየት እንችላለን። ለዚህም አራት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፥ መኪናው ቆሞ፥ ሞተሩ ተነሥቶ፥ ማርሽ ሳይገባ ይጮኻልን? ጩኸቱ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ፥ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ያ ዘንግ መዞሩን ያቆማልና። ሲረገጥ የሚጀምር ከሆነ ግን የራሱ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው።

ሁለተኛ፥ መኪናው እየሄደ ፍሪሲዮን ቢረገጥ ጩኸቱ ይቀጥላልን? የሞተሩ ዙር ወርዶ ጩኸቱ ካልተለወጠ፥ ነገሩ ከመኪናው ፍጥነት ጋራ እንጂ ከሞተሩ ጋራ አይደለም።

ሦስተኛ፥ በየትኛው ማርሽ ይጮኻል? በብዙ አሮጌ ካምቢዮዎች በአራተኛ ማርሽ ኀይሉ በቀጥታ ያልፋል፤ የታችኛው ዘንግ ጥርሶች ጭነት አይሸከሙም። በአንደኛ፥ በሁለተኛና በሦስተኛ ጮኾ በአራተኛ ዝም የሚል ከሆነ ካምቢዮው ይመርመር።

አራተኛ፥ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ፥ ወይም ሲታጠፍ ድምፁ ይለወጣልን? ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚያላዝን ዲፈረንሻል ነው። ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚበረታ ድምፅ የቀኙን ጎማ ኩሽኔታ ያስጠረጥራል፤ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል ነው።

በሒሳብ ክፍል የተማርነውም እዚህ ይጠቅማል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ቢሆን፥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደቂቃ 1,000 ሜትር ስለሚሄድ ጎማው 500 ጊዜ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 4 ለ1 ከሆነ፥ ዘንጉ በዚያው ደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ የጎማ ድምፅ በሴኮንድ 8 ጊዜ ያህል ዱብ ዱብ ሲል፥ የዘንግ ድምፅ ግን በሴኮንድ 33 ጊዜ ያህል ስለሚመታ እንደ ንብ ያጉረመርማል።

ይህን ሥርዐት ባለፈው ዓመት በአጎቴ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ሞክረነዋል። አጎቴ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ እስከ ሰመራ ዕቃ ያመላልሳል። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ በሰመራ በኩል ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከጋራዥ እስከ ጋራዥም ሩቅ ነው። ፒክአፑ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ ያጉረመርም ጀመር። አንድ መካኒክ ካምቢዮው ይውረድ ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠየቀው።

ከገዋኔ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ጥያቄዎቹን በተራ ጠየቅን። መኪናው ቆሞ ድምፅ የለም፤ እየሄደ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ አልተለወጠም፤ በሦስተኛም በአራተኛም አንድ ነው፤ መታጠፉም አልለወጠውም። ነዳጁ ተለቅቆ እንደ ገና ሲሰጥ ግን ከሥር «ቋ» ይላል። መኪናውን አቁመን፥ ጎማዎቹን በድንጋይ አግደን፥ ዘንጉን በእጃችን ብንወዘውዘው የፊተኛው ክሮቸራ ላላ፤ በዙሪያውም ቀይ የዝገት ዱቄት ነበር። ግራሶ አልቆበት ደርቆ ኖሯል። ድምፁ በብረቱ ተሻግሮ ከነጂው እግር ሥር ስለሚወጣ ካምቢዮ መሰለ እንጂ ካምቢዮው ደኅና ነበር። ክሮቸራው ተለወጠ፤ ዋጋውም ካምቢዮ ከማውረዱ እጅግ ያነሰ ሆነ።

ትርፉ ግን የገንዘብ ብቻ አይደለም። የፊተኛው ክሮቸራ በጒዞ ላይ ቢሰበር ዘንጉ ወድቆ መሬት ሊወጋና መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል።

ይህን የምትሞክሩ ሁሉ ሁለት ነገር አትርሱ። ፍሪሲዮን ረግጦ መፈተን በሜዳና ሰው በሌለበት መንገድ እንጂ በቁልቁለት አይደለም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥርም ከቶ አትግቡ። ወላጆቻችንም ጋራዥ ሲሄዱ «መኪናው ይጮኻል» ብለው አያብቁ፤ መቼ፥ በየትኛው ማርሽ፥ በምን ፍጥነት እንደሚጮኽ ይንገሩ። በደንብ የተነገረው መካኒክ ድካሙም፥ የሚጠይቀው ዋጋም ይቀንሳል።