አሰልጣኙ ተሰናበተ፤ ከዚያስ?

አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ከብሔራዊ ቡድናችን ከዋሊያዎቹ ከተሰናበቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ላይ ኳስ በሚታይባቸው የዲ.ኤስ.ቲቪ ቤቶች ግን ስማቸው ከተነሣ ሰው ዛሬም ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ታሪክ የሠራ ሰው እንዲያ መሸኘት አልነበረበትም ይላል። ሌላው ደግሞ ቡድኑ የአንድ ሰው ሆኖ ነበር፣ መነሣታቸው ዘገየ እንጂ አልቸኮለም ባይ ነው። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ አንድ ሰው ነው፤ ችግሩም እዚያ ይጀምራል።

ለታናናሾቻችን ነገሩን ከሥሩ ማንሣት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በ1954 ዓ.ም. በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት አዲስ አበባ ላይ አንሥታለች። እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ላይ ከተካፈለች በኋላ ግን በሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተዘጋባት። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 ረትታ ነው የተከፈተው። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፋ ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ አለፈች። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ያገቡበት ያ ቀን አገሩን ሁሉ አደባባይ አወጣው።

ደቡብ አፍሪካ ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር አንድ እኩል ተለያየን። ያውም በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በናይጄሪያው ጨዋታ በረኛው ሲሳይ ባንጫም በቀይ ሲወጣ ቅያሪ አልቆ ስለነበር፣ ጓንቱን ያጠለቀው የመሀል ሜዳው ተጫዋች አዲስ ሕንጻ ነው። ያንን ያየ ሰው አይረሳውም።

በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፈን ሳለ፣ በካርድ የታገደው ምንያህል ተሾመ መሰለፉ ታወቀና ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ። ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው፣ የቡድን መሪው ነው ወይስ የፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት? ካርድ ቆጥሮ መያዝ የቢሮ ሥራ ነው። ይሁንና በየመንደሩ የተወቀሱት አሰልጣኙ ናቸው፤ ደጋፊው ፊቱን የሚያውቀው የእሳቸውን ብቻ ነበርና። ቡድኑ ግን ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ ቢያገባም ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የቀረን ይህን ያህል ነበር።

ከዚያ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር፣ ቻን፣ መጣ። በሊቢያ 2 ለ 0፣ በኮንጎ 1 ለ 0፣ በጋና 1 ለ 0 ተሸንፈን አንድም ግብ ሳናገባ ተመለስን። ብዙም ሳይቆይ የአሰልጣኙ ስንብት ተነገረ። ከጥቂት ወራት በፊት ማልያ ለብሶ የጨፈረው ሰው ግማሹ «እሰይ!» አለ፤ ግማሹ አዘነ።

ኃይለኛ፣ ሁሉን በእጁ የሚይዝ አሰልጣኝ ለምን ይበዛብናል? የእኔ መልስ፦ የሚይዝለት ሌላ ስለሌለ ነው። ተጫዋች የሚመለምለው፣ ረዳቱን የሚመርጠው፣ ለጋዜጠኛ መልስ የሚሰጠው፣ ለሽንፈቱ የሚሰደበው አንድ ሰው ነው። ከአካባቢያችን ምሳሌ ብንወስድ፣ የጅሩ ሰንጋ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ነው፤ አድላቢው ወራት ቀልቦ ነው ለበዓል የሚያደርሰው። ለፋሲካ ዋዜማ ከሲታ በሬ ሰጥቶ ለምን አልሰባም ብሎ የሚወቅሰው የለም። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ግን ከየክለቡ የመጣለትን ልጅ በጥቂት ቀናት አሰናድቶ አልጄሪያን እንዲያሸንፍ ይጠበቅበታል። ባላሸነፈ ጊዜ ይነሣል።

ከሰውነት በኋላ የመጡትን መቁጠር ይበቃል። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ባማኮ ድረስ ሄደው ማሊን 3 ለ 2 ቢያሸንፉም በ2007 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ዮሐንስ ሳህሌ በ2008 ዓ.ም. አልጄሪያ ላይ 7 ለ 1 ከተሸነፉ በኋላ ሄዱ። ውበቱ አባተ ቡድኑን እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተው፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ረትተው ሁላችንንም አስፈነደቁን። ዓመት ሳይሞላ በጊኒ ሁለቴ ተሸነፉና ከእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ጋር በስምምነት ተለያዩ። ሰው ተለዋወጠ፤ አሠራሩ ግን ቦታው ላይ ነው።

የእነዋሪ ወጣት ይህን ከውጭ አገር ክለቦች ጋር ማነጻጸር ይወዳል፤ ንጽጽሩ ግን ግማሽ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ ታኅሣሥ 9 ቀን 2011 ዓ.ም. አሰልጣኙን ጆዜ ሞሪንሆን ሲያባርር፣ ከተጫዋቹ ከፖግባ ጋር የነበረው ፀብ ሰለቸን ያለው ደጋፊ ደስ አለው። አርሴናል ውስጥ ደግሞ አርሰን ቬንገር ለ22 ዓመታት ከግዢ እስከ ተጫዋቾች ምግብ ድረስ እጃቸው ያላረፈበት አልነበረም። «ቬንገር ይውጣ» የሚለው ጩኸት ለዓመታት ቆየ። ሲሄዱ ክለቡ ሥልጣናቸውን ከፋፈለው፤ ኡናይ ኤመሪ ዋና አሰልጣኝ ሆነው ሲመጡ የግዢው ጉዳይ በሌሎች ኃላፊዎች እጅ ነበር። እኛ ዘንድ ሰውየው ሲሄድ ሥልጣኑ እንዳለ ለሚቀጥለው ይተላለፋል።

ከአገር ውስጥ የሚጠቀስ ከተፈለገ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። በ2013 ዓ.ም. ብቻ ኤርነስት ሚደንዶርፕ፣ ማሂር ዴቪድስና ፍራንክ ናታል ተፈራርቀውበታል። በቀጣዩ ዓመት ሰርቢያዊው ዝላትኮ ክራምፖቲች መጥተው ብዙም ሳይቆዩ ተሸኙ። ዋንጫውን በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ያነሣው ግን ቡድኑን ከውስጥ የሚያውቀው ዘሪሁን ሸንገታ ነው። ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ቢያንስ ተሰልፎ የሚጮህ ደጋፊ አላቸው። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ስለሆነ፣ አሰልጣኝ ሲቀጠርም ሲባረርም የመጨረሻው ቃል የበጀት ያዡ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የባሕር ዳር ስታዲየም በካፍ ከታገደ በኋላ ዋሊያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር አድርገዋል። ግብፅን ያሸነፍነው ማላዊ፣ በጊኒ የተሸነፍነው ሞሮኮ ላይ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋፊ እንደ በፊቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ስታዲየም ገብቶ መጮህ ሲያቅተው፣ ቁጣውን የሚያሳርፈው ስክሪኑ ላይ በሚያየው ሰው ላይ ነው። በዚህ አልፈርድበትም። ስታዲየም አድሶ ደረጃውን ማስጠበቅ ያቃተው አሰልጣኙ እንዳልሆነ ግን ያውቃል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የስንብት ዜና ስትሰሙ ከመጨፈራችሁ ወይም ከማዘናችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውሉ ላይ የተጻፈው ግብ ምን ነበር? የገመገመውስ ማን ነው? ሁለቱንም መመለስ ያለበት ፌዴሬሽኑ ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ እዚያ ጉባኤ ላይ ደጋፊ ድምፅ የለውም።